መልስ፦ በበረራ ካርታ ላይ ስላለው ባለ ስድስት ጎን ምልክትና ስለ ቁጥሩ
ጤና ይስጥልኝ። ጅማን በሚያሳየው የበረራ ካርታ ላይ ከባለ ስድስት ጎኑ ምልክት አጠገብ የተጻፈው ቁጥር አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚነጋገርበት መሆኑን ጠይቀዋል። አይደለም። ምልክቱ ቪኦአር የተባለውን አቅጣጫ ጠቋሚ የሬዲዮ ጣቢያ የሚያመለክት ሲሆን፣ ቁጥሩ ጣቢያው የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሚሠሩት ከ108 እስከ 117.95 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ የድምፅ ግንኙነት የሚደረገው ግን ከ118 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ነው፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚደረግበት 121.5 ሜጋኸርዝም እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ነጥቦችና ሰረዞች አደራ አይለፏቸው። የጣቢያው መለያ ፊደላት በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚገልጸው ኮድ የተጻፉ ናቸው፤ ጣቢያው ጥገና ላይ ሲሆን መለያው ሊቋረጥ ስለሚችል፣ አብራሪው ድምፁን አዳምጦ ከካርታው ጋር ሳያመሳክር የጣቢያውን አቅጣጫ በሚያሳየው የአውሮፕላኑ መሣሪያ መርፌ ሊተማመን አይገባም።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የከፍታ ቁጥር ይመስለኛል። ከአንቴና ምልክት አጠገብ ያለ ቅንፍ የተጻፈው ቁጥር የአንቴናው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ሲሆን፣ በቅንፍ ያለው ከመሬት በላይ ያለው ቁመት ነው። ጅማ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሁለቱን ማምታታት ለሕይወት ያሰጋል።

የበረራ መረጃ በየ28 ቀኑ በሚመጣ ዑደት ስለሚታደስ፣ የጣቢያዎቹን የሞገድ ቁጥሮች ምንጊዜም ከወቅታዊው እትም ያንብቡ።