መልስ፦ ኤክስ ጃፓን ሜታል ነው ወይስ ቪዥዋል ኬይ?
ኤክስ ጃፓን የጃፓን ሮክ ባንድ ነው፣ ሁለቱም ነው ወዳጄ። ሜታል ጠንከር ያለ የሮክ ዓይነት ነው። ቪዥዋል ኬይ የሙዚቃው ድምፅ ሳይሆን የመልክ ስም ነው፣ ወደ ላይ የቆመ ባለቀለም ፀጉር፣ ኩል፣ ሊፒስቲክ፣ ያሸበረቀ ልብስ፣ ስለዚህ አንዱ ባንድ ከባድ ሜታል ሌላው ለስላሳ ፖፕ እየተጫወተ እዛው ስር ይመደባሉ። ቃሉም የመጣው ከኤክስ ጃፓን መፈክር ነው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን ብሉ ብለድ አልበም ሽፋኑን ብታየው "ቪዥዋል ሾክ" የሚል ተጽፎበታል። ስማቸውን ደግሞ መጀመሪያ ኤክስ ብቻ ነበር የሚባሉት፣ አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ኤክስ የሚባል ባንድ ስለነበረ በ1992 ወደ ውጭ ሊወጡ ሲሉ ጃፓን የሚለውን ጨመሩበት። ጄ ፖፕ (የጃፓን ፖፕ) የሚለው የዘውግ ስምም ቢሆን ከሙዚቀኞቹ የመጣ አይደለም፣ በ1988 ስርጭት የጀመረው የቶኪዮው ጄ ዌቭ ሬዲዮ ነው ያስለመደው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ዘፈኑን ሰምቼ ነው ዘውጉን የምፈልገው።