ሽሮፑን ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጣል

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ሕመምተኛ ናት። ኬሞቴራፒ እየወሰደች ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኔ ዘንድ ከተኛች ሁለት ወር ሆናት። ነርሷ ስታሳየኝ ሁሉም ቀላል ይመስለኛል፤ ቤት ስገባ ግን የሞርፊኑን ሽሮፕ ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያበዛሁ እየመሰለኝም አንዳንዴ አሳንሼ እሰጣታለሁ። ሌሊት ስታቃስት የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ማስታመም ደፋር ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ምን ይሻለኛል?
እናቷን አስታማሚ

መልስ፦ እህታችን፣ የድፍረቱን ነገር ለጊዜው እናቆየውና ከሽሮፑ እንጀምር። መጠኑን የሚያሳንሱት ለእናትዎ አዝነው ቢሆንም፣ ሌሊት የሚያስቃስታቸው ይኸው ሊሆን ይችላል። በፈሳሽ መልክ የሚወሰደው ሞርፊን የሚያስታግሰው ለአራት ሰዓት ያህል በመሆኑ፣ ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በታዘዘው መጠንና ሰዓት መሰጠት አለበት። ብዙዎች ሱሱን ይፈራሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመም ለሚወስድ ሰው ግን ይበልጥ የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት ስለሆነ፣ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠርሙሱንና የሚቀዱበትን መርፌ አልባ ሲሪንጅ ይዘው ይሂዱ። ነርሷ ደግማ እንድታሳይዎ አይጠይቁ፤ እርስዎ ሲቀዱ ቆማ እንድትመለከት ይለምኗት። እስከ ታዘዘው መስመር ይሳቡ፣ የአየር አረፋ ካለ ያስወጡ፣ ሲሪንጁን በዓይንዎ ትይዩ ይዘው ያንብቡ። «ልክ ነው» ስትልዎ በመስመሩ ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጥፉ፤ መጠኑ ሲቀየር ምልክቱም ይቀየራል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከሁሉ አብልጦ የሚያገኘው በገዛ እጁ ሠርቶ ሲሳካለት እንደሆነ፣ ሌላው ሲሠራ ማየት ግን ከዚያ ያነሰ ኃይል እንዳለው አስረድቷል። እርስዎ እስካሁን አይተዋል እንጂ እየታዩ አልሠሩም።

ሌላው የሚያስፈራዎት የቱ ሕመም እስኪነጋ እንደሚቆይ፣ የቱ እንደማይቆይ አለማወቅዎ ይመስለናል። ኬሞቴራፒ ሰውነትን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚቀንስ፣ ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር አይገባም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ሞርፊን ከወሰዱ በኋላ ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ካሉ ወይም አተነፋፈሳቸው እጅግ ከዘገየም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ በእናንተ ሰፈር በውድቅት ሌሊት መኪና ማግኘት ቀላል ስላልሆነም፣ መኪና ያለውን ጎረቤት ዛሬውኑ በቀን ያነጋግሩት። (ጉንፋን የያዘውን ጠያቂ ከደጅ መመለስም ነውር የለውም፤ ባህላችን ቢከብደውም።)

እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ የማስታገሻ ሕክምና ድርጅቶች ነርስ እቤት ድረስ ስለሚልኩ፣ ወደ እርስዎ ሰፈር ይመጡ እንደሆነ ያጠያይቁ። የእጅዎ መንቀጥቀጥ ግን ከፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። ቡና ላይ «ምን እናግዝሽ?» የሚሉዎትን ጎረቤቶች «ኧረ ምንም» እያሉ አይሸኟቸው፤ አንዷ በሳምንት አንድ ሌሊት እንድታድርልዎ ይጠይቋት፤ ሽሮፑን ቀድተው የሚሰጥበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይተዉላትና ይተኙ።