ሳይመቱ መቆለፍስ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። መምታት ክልክል ስለሆነ የሚረብሹ ልጆችን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ቆልፌ አቆያቸዋለሁ። አንዲት እናት መጥተው በጣም ተቆጡኝ። እጄን ካላነሳሁ ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዱላ መተውዎ ደግ ነው፤ መቆለፉን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከዱላ ብቻ ሳይሆን ጭካኔ ካለበትና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣትም ይጠብቃል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል።

እስቲ ያንን ክፍል ያስቡት። ልጁ አስም ቢነሳበት፣ የሚጥል በሽታ ቢኖርበት ወይም እሳት ቢነሳ ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እያስተማሩ ነው። ፈርቶ ሽንት ቢያመልጠው ጓደኞቹ የሚያወጡለት ስም ዓመቱን ሙሉ አይለቀውም። ሒሳብ የጠላ ልጅ ደግሞ ረብሾ ከሒሳብ ተገላገለ ማለት ነው፤ ነገም ይረብሻል።

ልጁን ለጥቂት ጊዜ ከግርግሩ ማራቅ ሌላ ነገር ነው። ከጎን ክፍል መምህር ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፦ ልጁ ደብተሩን ይዞ ሄዶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እዚያ ይሥራ፤ በሩ ክፍት ይሁን፤ መምህሩም አይቆጡት። ሲመለስ ተማሪ ፊት አይምከሩት።

በእጅ መያዝ የሚፈቀደው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው። በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መጫን ትንፋሽ ስለሚያሳጣ ሊገድል ይችላል፤ ፈጽሞ አይደረግም። አደጋው እንዳለፈ ይልቀቁት፤ የሆነውን በዚያው ቀን ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ፣ ለወላጅም ይደውሉ።

ዋናው ሥራ ግን ምክንያቱን ማግኘት ነው። ለ2 ሳምንት ሰዓቱን፣ የትምህርቱን ዓይነትና ልጁ ከመረበሹ በፊት የሆነውን በደብተር ይያዙ። ረብሻው ሁልጊዜ ከሰሌዳ ሲገለበጥ ከሆነ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ለውጡን ይዩ፤ ከተሻለው ወላጆቹ ዓይኑን ያስመርምሩት። ጮክ ብሎ በማንበብ ሰዓት ከሆነ ማንበብ አቅቶት እንዳይሆን ብቻውን ያስነብቡት።

እናትየውን ራስዎ ይጥሯቸው። ልጃቸው ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ደቂቃ እንደተቆለፈ ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸውና ይቅርታ ይጠይቁ፤ ልጁንም ጭምር።