74 ግራም ገብቶ 90 ግራም አይወጣም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «10 ግራም ሃይድሮጅን ከ64 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢዋሃድ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል?» የሚል የቤት ሥራ ተሰጠን። ሃይድሮጅኑ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው ብዬ ሠራሁና 90 ግራም አገኘሁ። መምህራችን ኤክስ አደረገብኝ። ስሌቱን ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተቱ አልታይ አለኝ።
(ከሐይቅ)

መልስ፦ ማባዛትሽም ማካፈልሽም ልክ ነው ልጄ። የሳትሽው ካልኩሌተሩን ገና ሳትነኪ ነው።

እስቲ የገባውን ደምሪው፤ 10 እና 64፣ 74 ግራም። የወጣልሽ ውሃ ግን 90 ግራም ነው። 16ቱ ግራም ከየት መጣ? ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ የገባውና የወጣው ቁስ እኩል መሆኑን አስፍሯል። እኔም ደሴ ሳስተምር መልሱን ከማስመራችሁ በፊት ይህን አመዛዝኑ እያልኩ ስለምን ኖርኩ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ማን ሰምቶ!

አሁን ወደ ሥራው። ሞለኪውሎች የሚገናኙት በቁጥር ነው፤ ግራም ደግሞ ክብደቱን እንጂ ቁጥሩን አይነግርሽም። ስለዚህ ሁለቱንም ወደ ሞል፣ እንደ ደርዘን ወዳለው የሞለኪውል መቁጠሪያ፣ ቀይሪ። የሃይድሮጅን ሞለኪውል ሁለት አተም ስላለው ሞላር ማሱ፣ ማለትም የአንድ ሞሉ ግራም፣ 2 ነው፤ 10 ለ2 ሲካፈል 5 ሞል። የኦክስጅን 32 ነው፤ 64 ለ32 ሲካፈል 2 ሞል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የአንዱን አተም ብቻ ወስደው የኦክስጅንን 16 ብለው ይወድቃሉ፤ አንቺ ግን 32 ብለሽ እንደሠራሽ ደብተርሽን ሳላየው አላውቅም፣ ተመልከቺው።

ኢኩዌሽኑ ባላንስ ሲደረግ 2 ሞል ሃይድሮጅን ከ1 ሞል ኦክስጅን ጋር 2 ሞል ውሃ ይሰጣል። ኮምቦልቻ ብትሄጂ ጋሪ የሚገጥም ሰው ጠይቂ፤ 5 ጎማና 2 የጋሪ አካል ብትሰጪው 2 ጋሪ ሠርቶ አንድ ጎማ ይተርፈዋል። ጎማው ስለቀለለ «ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው» አይልሽም። ያንቺም ነገር ይኸው ነው። 2 ሞል ኦክስጅን የሚፈልገው 4 ሞል ሃይድሮጅን ነው፤ ያለሽ 5። ቀድሞ የሚያልቀው፣ ሊሚቲንግ ሪአክታንት የምንለው፣ ያ በግራም ስድስት እጥፍ የሚበልጠው ኦክስጅን ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሃይድሮጅኑን እርሺው፤ ውሃውን የሚወስነው ኦክስጅኑ ነው። 2 ሞል ኦክስጅን 4 ሞል ውሃ ይሰጣል፤ የውሃ ሞላር ማስ 18 ስለሆነ፣ 4 በ18 ሲባዛ 72 ግራም። የተረፈው ሃይድሮጅን 1 ሞል፣ ማለትም 2 ግራም ነው። 72 እና 2፣ 74።

ያው 10 ግራም ሃይድሮጅን ኖሮሽ በትክክል 90 ግራም ውሃ እንዲወጣና ምንም እንዳይተርፍ ስንት ግራም ኦክስጅን ይበቃል? ሠርተሽ ላኪልኝ።

ጥያቄ፦ የሃይድሮጅንን አቶሚክ ማስ 1 ልበል ወይስ 1.008?
(ከወልድያ)

መልስ፦ ጥያቄው ላይ የተሰጠህን ተጠቀም። ካልተሰጠህ 1 ይበቃል፤ ከላይ ያለውን በ1.008 ብትሠራው 72.06 ግራም ነው የሚመጣልህ። ለ0.06 ብለህ የፈተና ሰዓት አታቃጥል።