«ጨካኝ» ለማን ይባላል?

ጥያቄ፦ «ጨካኝ» ለሰው ብቻ የሚነገር ቅጽል ነው? «ጨካኝ ብርድ»፣ «ጨካኝ ሕግ» ብሎ መጻፍስ ያስኬዳል? «ጨክኖ ሱሱን ተወ» ሲባል ለምን ነቀፌታ አይሆንም?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣ፤ የሌሎቹም መፍቻ እዚያ አለ። «ጨከነ» ማለት ርኅራኄን አፍኖ አንጀትን አጸና ማለት ነው። የታፈነው ርኅራኄ ለሌላ ሰው የሚገባ ከሆነ ግሡ ይነቅፋል፤ ለራስ ምቾት ከሆነ ግን ያመሰግናል። ሱሱን ጨክኖ የተወ ሰው ለራሱ አላዘነም። ቅጽሉ ይህን በጎ ፍቺ አይወርስም። ያንኑ ሰው «ጨካኝ» ብትሉት ሰደባችሁት፤ የሚገባው «ቆራጥ» ነው። «ጨካኝ» የአንድ ቀን ድርጊትን ሳይሆን የጸና ጠባይን ይሰይማልና፣ አንድ ጊዜ ለከፋብን ሰው «ጨከነብኝ» ይበቃል።

እንግዲህ ለመጨከን አንጀት ያስፈልጋል። ሰውና አውሬ አላቸው፤ በግጥም ሰው ሆነው የሚቀርቡት ሞትና ዕድልም እንዲሁ። ብርድ ግን የለውም፤ «ኃይለኛ» ወይም «ብርቱ ብርድ» ይባላል። ቅጣትም «ከባድ»፣ ክርክርም «የከረረ» ይባላል። ለድርጊት «ጨካኝ ግድያ» ከማለት «የጭካኔ ግድያ» ይሻላል። «አሰቃቂ ግድያ»ም ትክክል ነው፤ ፍቺው ግን ይለያል። «የጭካኔ» የገዳዩን ልብ ሲናገር፣ «አሰቃቂ» በሚያየው ወይም በሚሰማው ላይ የሚያሳድረውን ይናገራል።

በሕግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ቃል «ጨቋኝ» ነው፤ የሚያጠብቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ «ጥብቅ»። «ጨቋኝ» እና «ጨካኝ» በመልክ ስለሚቀራረቡ ጸሐፊዎችን ያሳስታሉ። መለያው ተሳቢው ነው፦ «ሕዝቡን ጨቆነ» ይባላል፤ «ሕዝቡን ጨከነ» ግን አይባልም፤ «በሕዝቡ ላይ ጨከነ» ወይም «ጨከነበት» እንጂ። «የጨከነውን ሕዝብ» ብሎ መጻፍ ጨካኙን ሕዝቡ ራሱ ያደርገዋል፤ ይህ ከባድ ስሕተት ነው። የተፈለገው «የጨከነበትን ሕዝብ» ነው።

ስለ ንባቡም ልጨምር። «ካ» ጠብቆ ይነበባል፤ ግሡ «መጨከን» እንደ «መለመን» ይረባልና፣ «ለማኝ» ላይ «ማ» እንደሚጠብቅ። «መዝፈን» ከሚለው የወጣው «ዘፋኝ» ግን «ፋ»ን ያላላል። በሦስቱም መጨረሻ ያለው «ነ» ወደ «ኝ» ይለወጣል።