ስለ ጨውና ግፊት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው መልሱ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ፣ የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነው ብዙ ዓመት የሠራሁት፣ እናቴም ግፊት አለባት ስለዚህ ነገሩ ለኔ ሥራ ብቻ አይደለም። ከጥያቄዎቻችሁ ብዙ ሰው የሚጠቅመውን አስቀድሜያለሁ። መድኃኒት መቀየርም ማቆምም ግን ከሚከታተላችሁ ሐኪም ጋር ብቻ ነው፣ እሺ?

ጥያቄ፦ ጨው ከቀነስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። አንድ ቀን 132 ይላል፣ በማግስቱ 151። ጨው መቀነሱ ምንም አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ቸኩለህ ነው። እኛም ስንማር የተነገረን ዛሬ የበላኸው ጨው በአንድ ሁለት ቀን በሽንት ተጠርጎ ይወጣል የሚል ነበር። ከዛ ሞስኮ ላይ የማርስ ጉዞ ልምምድ ብለው መጀመሪያ በ2009 ለ105 ቀን፣ ቀጥሎ ከ2010 እስከ 2011 ለ520 ቀን (በፈረንጆቹ ነው) ስድስት ስድስት ሰው ዘግተው አስቀመጡ፣ ዬንስ ቲትዘ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ደሞ ዕድሉን ተጠቅመው የሚበሉትን ጨው በቀን 12፣ ከዛ 9፣ ከዛ 6 ግራም እያደረጉ ለወራት ሽንታቸውን በየቀኑ ሰበሰቡ። የሚገባው ጨው ያው ሆኖ እያለ የሚወጣው ግን አንድ ቀን ይበዛል አንድ ቀን ያንሳል፣ ወደ ሳምንት በሚጠጋ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፣ አልዶስቴሮንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖችም አብረውት ይዞራሉ። ሰውነት ውስጥ የተቀመጠው ጠቅላላ ጨው ደሞ ወርና ከዛ በላይ በሚፈጅ ዙር ይሞላል ይጎድላል። ሰውነት የራሱ ካላንደር አለው ማለት ነው።

ስለዚህ በአንድ ቀን ቁጥር አትፍረድ። ጠዋት ሽንትህን ሸንተህ፣ ኪኒን ሳትውጥ፣ ቡና ሳትቀምስ፣ ጀርባህን አስደግፈህ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ሁለቴ ለካ፣ ማታም እንደዛው፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጣለውና የቀረውን አማካይ አውጣ። ቤት ውስጥ ተለክቶ አማካዩ 135 በ85 እና ከዛ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ጨው ቆዳ ውስጥ ይከማቻል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የኢንተርኔት ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው። ቆዳችንና ጡንቻችን ውስጥ ሶዲየም ይዘው የሚያስቀምጡ ረጃጅም ሞለኪውሎች አሉ፣ ሶዲየምን ለይቶ የሚያይ ልዩ ኤምአርአይም ተሠርቶ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ታይቷል፣ ዕድሜ ሲገፋና ግፊት ሲኖር ክምችቱ ይበዛል። የሚገርመው የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቆዳ ውስጥ ጨው መብዛቱን አውቀው የሊምፍ ቱቦዎች (ከቆዳ ትርፍ ፈሳሽ የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው) እንዲሰፉ መልእክት ይልካሉ፣ በአይጥ ላይ ይሄን መልእክት ሲዘጉት ግፊቱ ጨመረ። ጨዉ ሲከማች ውሃ አስከትሎ ነው ወይስ ሳያስከትል የሚለው ላይ ሳይንቲስቶቹ ገና ይከራከራሉ። ለኛ የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፦ በዓመታት የገባ ጨው በሦስት ቀን አልጫ አይወጣም፣ ታገሡ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀን ስትለካ ደህና ነው። ሌሊት ግን አራቴ ለሽንት ትነሳለች። ከግፊት ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ብዙ ሰው እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። ጤናማ ግፊት ስንተኛ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፣ ሊነጋ ሲል መነሳት ይጀምራል፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚበዛውም አንዱ ለዚህ ነው። ኩላሊት ጨውን በብዛት የሚያወጣው ቀን ነው፣ ቀን ሠርቶ ካልጨረሰ ግን ሥራውን ወደ ሌሊት ያሻግረዋል፣ ለማስወጣት ደሞ ግፊት ስለሚፈልግ ሌሊት መውረድ የነበረበት ግፊት ሳይወርድ ያድራል። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የላስቲኩ መስመር ጠልቆ ቀርቶ እንደሆነ እይ፣ እግር ላይ የዋለው ፈሳሽ ስትጋደም ተመልሶ ነው ሽንት የሚሆነው። ታንኮራፋለች? ትንፋሿ ቆረጥ ይላል? እሱም ሌሊት ግፊት ያነሳል። ስኳሯ ይታይ፣ የ24 ሰዓት መለኪያ የሚያስር ቦታ ካገኛችሁም አስሩላት፣ ቀን ብቻ በመለካት ይሄ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ኪኒን ጠዋት ይሻላል ማታ? ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ እየዘለልኩ ነው።

መልስ፦ አትዝለይ በናትሽ! እንግሊዝ አገር ከ21 ሺህ በላይ ሰው ለዓመታት ተከታትለው በ2022 ያወጡት ጥናት ጠዋት የወሰደውና ማታ የወሰደው በልብም በስትሮክም ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ በቀን አንዴ የሚወሰደውን እንደ አምሎዲፒን ያለውን ማታ ከምግብ በኋላ ማድረግ ይቻላል፣ ሐኪምሽን ጠይቀሽ አዛውሪው። የሚያሸና መድኃኒት ከሆነ ግን ማታ እንቅልፍ ያሳጣሻል፣ ውሃ ሳይጠጣ ሲዋል ደሞ ያደክማል፣ እሱን ከሐኪሙም ከንስሐ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሮዝ ጨው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። አሞሌውም፣ ሮዙም፣ የፓኬቱም ሶዲየም ነው።

ጥያቄ፦ ፖታሲየም የተቀላቀለበት ጨውስ?

መልስ፦ ይሄ ሌላ ነው። ቻይና ገጠር ውስጥ 600 መንደር ላይ በተደረገ ጥናት ሩቡ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው የተጠቀሙት ሰዎች ስትሮካቸው በ14 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ግን ኩላሊት ያለበት ወይም ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ እንዳይነካው፣ ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ያቆማል።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው ያለሁት፣ ብርዱ ሲገባ ግፊቴ ይጨምራል።

መልስ፦ አዎ፣ ብርድ የደም ስርን ያጠባል። ክረምቱ ሲገባ ልኬትህን ይዘህ ሐኪምህ ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ወጥ ላይ ጨው እየቆነጠርኩ ነው የምጨምረው፣ ከየት ነው የሚበዛብኝ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እናቴም እንዳንቺ "እኔ እኮ ጨው አልወድም" ትለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማድቤት ቁጭ ብዬ ተከታተልኳት። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ነው የተፈጨው፣ ሽሮው ውስጥ ያ በርበሬ አለ፣ ወጡ ሲንተከተክ አንድ ቁንጥር ጨመረች፣ ገበታ ላይ ደሞ ሚጥሚጣ፣ እሱም ጨው አለው። አራት ቦታ! እሷ የምትቆጥረው ያቺን ቁንጥር ብቻ ነው። የዛን ዓመት በርበሬውን ያለ ጨው አስፈጨን፣ ወጡ ላይ የሚገባውን ለክተን ማስገባት ቻልን፣ መጀመሪያ አልጣማትም፣ ከወር ምናምን በኋላ ግን ጎረቤት ቤት በልታ መጥታ "ጨው በዛበት" አለችኝ።