የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርት ገዝቶ ማሻሻል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአትላንታ በስተደቡብ በምትገኘው ፒችትሪ ሲቲ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። እዚህ ብዙ ሰው ወደ ሱቅም ወደ መናፈሻም የሚሄደው በጎልፍ ካርት ስለሆነ እኛም ያገለገለ ለመግዛት አስበናል። ያየሁት የ2010 ክለብ ካር ፕሬሰደንት ነው፤ ባለ 48 ቮልት ሲሆን 4 ሺህ 500 ዶላር ተጠይቄበታለሁ። ቀለሙና ወንበሩ አዲስ ነው፤ ሻጩ «ባትሪውም አዲስ ነው» ብሎኛል። ከገዛሁት በኋላ ከፍ ላስደርገው፣ ትልልቅ ጎማ ላስገባለት፣ ከኋላ የልጆች ወንበር ልጨምርለትና ባትሪውን በሊቲየም ልቀይረው እፈልጋለሁ። ስገዛ ምን ምን ልይ? ማሻሻሉንስ ከየትኛው ልጀምር? (ከጆርጂያ)

መልስ፦ የመረጡት ዓይነት መልካም ነው። ክለብ ካርም ሌላው የካርት አምራች ኢዚጎም መቀመጫቸው ኦገስታ አካባቢ፣ የያማሃ ፋብሪካ ደግሞ ኒውናን ውስጥ በመሆኑ ጆርጂያ ለሚኖር ሰው መለዋወጫም ባለሙያም አይቸግርም። የክለብ ካር ቻሲ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፤ ሌሎቹን የሚገዛ ሰው ግን ከባትሪው ሥር ያለውን ብረት አሲድ እንዳልበላው ወንበሩን አንሥቶ ማየት ይኖርበታል።

ቀለሙና ወንበሩ አዲስ መሆኑ ስለ ካርቱ ጤንነት ምንም አይነግርዎትም። በገበያ ላይ ካሉት ያገለገሉ ካርቶች አብዛኞቹ የጎልፍ ሜዳዎች ለጥቂት ዓመታት ተከራይተው የመለሷቸው ናቸው፤ ነጋዴው ቀለም ቀብቶ፣ ወንበር ለውጦ «የታደሰ» ብሎ ይሸጣቸዋል። በመጀመሪያ የመለያ ቁጥሩን ይመልከቱ፦ በክለብ ካር ላይ ከሁለቱ ፊደሎች ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች የተሠራበትን ዓመት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ደግሞ ሳምንቱን ያመለክታሉ። ሻጩ 2010 ብሎዎት ቁጥሩ 06 የሚል ከሆነ ስለ ዋጋው እንደገና መነጋገር ይገባል።

ዋናው ጉዳይ ባትሪው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልግለጽልዎ። የሊድ አሲድ ባትሪ በጥሩ አያያዝ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያገለግላል፤ ሙሉውን መለወጥ ደግሞ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። «አዲስ ነው» የሚለውን ቃል የሚያረጋግጠው ከባትሪው ምሰሶ (ገመዱ ከሚታሰርበት ጫፍ) ወይም ክዳን ላይ የተመታው ምልክት ነው። በብዙዎቹ ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ፊደሉ ወሩን (ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይቀጥላል)፣ ቁጥሩ ደግሞ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ አሃዝ ይነግራችኋል። የካርቱ 48 ቮልት ከስድስት ባለ 8 ቮልት ባትሪዎች የተገኘ ከሆነ በስድስቱም ላይ አንድ ዓይነት ምልክት መኖር አለበት። አምስቱ ያረጁ፣ አንዱ አዲስ ከሆነ ባትሪው ተጠግኗል እንጂ አልታደሰም፤ አሮጌዎቹም አዲሱን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ራሳቸው ደረጃ ያወርዱታል።

ሲሄዱ ዲጂታል መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ይያዙ። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 48 ቮልት ካርት 51 ቮልት ገደማ፣ እያንዳንዱ ባለ 8 ቮልት ባትሪም 8.5 ገደማ ማሳየት አለበት። ይሁንና የሞተ ባትሪም ቆሞ ሲለካ ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል በዚህ ብቻ አይርኩ። አራት ሰው አስጭነው ዳገት ያስወጡት፤ አንዱ እየነዳ ሌላው ወንበሩን ከፍቶ መለካት አደገኛ ስለሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ አቁመው ወዲያውኑ ስድስቱንም በየተራ ይለኩ። አምስቱ ተቀራራቢ ቁጥር አሳይተው አንዱ በግልጽ ዝቅ ካለ ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በሃይድሮሜትር (የአሲድን ጥግግት በሚለካ መሣሪያ) የየሴሉን፣ ማለትም በባትሪው ውስጥ ያለውን የየክፍሉን አሲድ መመዘን ከሁሉ የበለጠ እውነቱን ያወጣል፤ ሙሉ ባትሪ 1.270 አካባቢ ያሳያል፤ በሴሎቹ መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካለ ያ ባትሪ አብቅቶለታል።

ከዚያው ሳይነሡ የገመዶቹን ጫፍ ይመርምሩ። አረንጓዴና ነጭ ዱቄት የያዘ ጫፍ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ይጸዳል፤ ነገር ግን የእርሳሱ ምሰሶ ቀልጦ ቅርጹን ከለቀቀ፣ ወይም ከተነዳ በኋላ እጅዎን ጠጋ ሲያደርጉ ሙቀቱ የሚሰማ ከሆነ፣ ገመዱ ላልቶ ወይም ከውስጥ ተበልቶ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከወንበሩ ሥር ያለውን ማብሪያ «ሩን» (መንጃ) ከሚለው ወደ «ቶው» (መጎተቻ) ያዙሩት፤ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ የመፍቻውን እጀታም በቴፕ ይጠቅልሉ። በሁለት ምሰሶዎች ላይ የተጋደመ መፍቻ እዚያው ይበየዳል፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ ካርቶች በአብዛኛው ፍሬን ያላቸው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ መሆኑን አይርሱ። ባዶ መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት እየነዱ ይርገጡት፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ወይም ገመዱ ተስቧል። ጎረቤትዎ አንድ ጊዜ አይቶት እንዲስቅ ሳይሆን ልጆችዎን እንዲሸከም የሚገዙት ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ከሻጩ ጋር አይደራደሩ፤ ወይ አሠርቶ ይስጥዎ፣ ወይ የማሠሪያውን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይቀንስ።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ልምጣ። ከፍ ማድረጉን ባይሞክሩት እመክራለሁ። እርስዎ የሚነዱት ከ90 ማይል በላይ በሚዘረጋው የከተማዋ የካርት መንገድ ላይ ነው፤ አብዛኛው አስፋልት ስለሆነ ጭቃና ድንጋይ አይገጥምዎትም። የካርቱ ስፋት ሳይጨምር ቁመቱ ሲጨምር መታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። የጎማ ቁመት ከ18 ወደ 22 ኢንች ቢያድግ ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ከፍ ይላል፤ በዚያው መጠን ግን የሞተሩ የዳገት ጉልበትና የፍሬኑ የመያዝ ኃይል ይቀንሳሉ። መልኩ እንዲያምር ከፈለጉ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ቸርኬ ከአጭር ጎማ ጋር ሳይነሣ ይገባለታል።

ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምር። ስድስቱ የሊድ ባትሪዎች ወደ 170 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ይህ ክብደት ታች ከወንበሩ ሥር ስለሚያርፍ ካርቱን መሬት ላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የሊቲየሙ ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎ አይበልጥም። ክብደት መቀነሱ ለዳገትም ለፍሬንም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከታች ከመቶ ኪሎ በላይ አውጥቶ፣ ካርቱን በ6 ኢንች አንሥቶ፣ ከኋላ ሦስት ልጆች ማስቀመጥ በአንድ ላይ ሊደረግ አይገባም።

ሊቲየም ሲገዙ የተለየ ቻርጀር እንደሚያስፈልግዎ ይወቁ። በ2010 ሞዴል ላይ የሚገኘው የክለብ ካር ኮምፒዩተር የሊድ ባትሪ አሞላልን የሚቆጣጠር ስለሆነ ባለሙያው ከአሞላሉ መስመር ሊያስወጣው ይገባል። የባትሪው መቆጣጠሪያ የሚፈቅደው የአምፔር መጠን የካርቱ ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ክፍል) ከሚስበው ካነሰ ዳገት መሃል በድንገት ይጠፋብዎታል፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ይጠይቁ። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚሆንባቸው ሌሊቶች ሊቲየም እንዲሞላ መፍቀድ ይጎዳዋል። የእኔ ምክር፣ አሁን ያለው ባትሪ ከላይ የጠቀስኩትን ፈተና ካለፈ እስኪያልቅ ድረስ ይጠቀሙበትና ሊቲየሙን ያን ጊዜ ይግዙ የሚል ነው።

የኋላው ወንበር ግን ያስፈልግዎታል። ጠንካራ ባሌስትራ ያስገቡለት፤ ያለዚያ የኋላው ጭነት ፊቱን ያነሣና መሪው ይቀልላል። ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ልጅ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ካርቱ በድንገት ሲነሣ ነው፤ በመሆኑም ቀበቶና እጅ መያዣ ይኑረው፣ እግር ማሳረፊያውም የልጁ እግር የሚደርስበት ይሁን። ከፊት በቀኝ የሚቀመጠውም ሰው ካርቱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ውጭ ይገፋል። መብራትና ፍሬቻ ሲያስገቡ ደግሞ ኃይሉን ከአንዱ ባትሪ ላይ አይውሰዱ፤ ያ ባትሪ ከሌሎቹ ቀድሞ ይዳከማል። ከ48 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መቀነሻ ከመላው ስብስብ ላይ ያስገጥሙ።

ፍጥነትን በሚመለከት፣ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌደራል ደንብ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ማይል የሚሄደውን አነስተኛ ተሽከርካሪ ከተራ ጎልፍ ካርት ለይቶ የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራብሬዛ፣ የእጅ ፍሬን፣ ቀበቶና የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ያዛል። ካርትዎን ከ20 ማይል በላይ ማስኬድ ከጀመሩ ከዚያኛው ምድብ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። በከተማዎ ካርት ማስመዝገብ ግዴታ ስለሆነ ይህን ከመንዳትዎ በፊት ይፈጽሙ፤ የቤት ኢንሹራንስዎ መንገድ ላይ የሚደርስን ጉዳት መሸፈን አለመሸፈኑንም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለ 36 ቮልት ኢዚጎ አለኝ። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሰነበተ፤ አሁን ቻርጀሩን ስሰካው ምንም ድምፅ አይሰጥም። ቻርጀሩ ተበላሽቶ ነው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ቻርጀር ከመግዛትዎ በፊት የባትሪዎቹን ድምር ቮልት ይለኩ። አውቶማቲክ ቻርጀር ሥራ የሚጀምረው ከፊቱ በቂ ቮልት ሲያገኝ ነው፤ ባትሪዎቹ ክፉኛ ከወረዱ ባትሪ የተሰካ ስለማይመስለው ዝም ይላል። ለ6 ቮልት የሚሆን ትንሽ ቻርጀር ተውሰው ስድስቱን በየተራ ትንሽ ትንሽ ይሙሏቸው፤ ከዚያም ዋናውን ይሰኩት። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ጎናቸው ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ እንዳለ ይመልከቱ፤ ባዶ የሆነ ባትሪ በቅዝቃዜ ወደ በረዶነት ሊለወጥ ስለሚችል ውስጡ በረዶ የሆነውን መሙላት አይፈቀድም። የሴሎቹ ዝርግ ብረቶች ከአሲዱ በላይ ከታዩ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ የተጣራ ውሃ ይጨምሩ፤ ቀሪውን ከሞላ በኋላ ይጨምራሉ፤ ቀድመው እስከ አፉ ከሞሉት ሲሞቅ ይፈስሳል። ለሚቀጥለው ክረምት ካርቱን ሙሉ አድርገው፣ ማብሪያው ካለው «ቶው» ላይ አዙረው ያቁሙት፤ ቮልቱንም በየወሩ ይለኩ።